ለኢሳይያስ፣ ስለ ገለበጥሁት መዝገብ

ውድ ኢሳይያስ፣

በመጀመሪያ ስለ እኔ የሚወራውን ላርም። በገበያም በውሃ መውረጃም «ሣራ ከጣልያን ካባ ለበሰች፤ የሻንቅሎች ሹም ሆነች» ይባላል። ውሸት ነው። ካባው ታጥፎ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦልኝ ነበር፤ አልነካሁትም። «እኔ የቀብር ማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ እንጂ የአንድ ወገን ሹም አልሆንም» ብዬ ተመልሻለሁ። የሠራሁት ሌላ ነው፤ ከሚወራውም ይከፋል። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁትም። ለአንተ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢያነበውም አልሸሽግም። እንዲነበብ ብዬ ነው በጥሩ እጅ የጻፍሁት።

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በሰው ፊት አንቱ፣ በቤታችን አንተ እልህ ነበር። እዚህ የቤታችንን ወስጃለሁ።

ቤቱ ቆሟል። ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈሳል፤ የሠራኸው በር ግን በሦስት ክረምት አልተጣመመም። አህያይቱ ሞታለች። የመጥረቢያህን እጀታ ምስጥ በላው። መጋዝህንና መላጊያህን በሰሊጥ ዘይት እየቀባሁ አስቀምጫለሁ፤ ማን እንደሚሠራበት ግን አላውቅም።

ንዳድ ከወሰደህ በኋላ ጎረቤት አርባህን ሊያስብ ተሰብስቦ ሳለ የጣልያን መኪና ድምፅ ተሰማ። በዚያው ሰሞን መተማ ተያዘች። አሁን የጣልያኑ ሹም ቤት ሁለት በር አለው። የፊተኛው የነጭ ነው፤ የኋለኛው በፈረሶቹ ጋጣ በኩል ያለው የእኛ ነው። ወደ ጎንደር በሚሄደው መኪና ነጩ ከፊት ይቀመጣል፤ የእኛ ሰው ከኋላ ጆንያ ላይ ይወጣል። መጠጥ ቤት ከፍተዋል፤ በበሩ ላይ የተጻፈውን ከእኛ ማንበብ የሚችል ጥቂት ነው፤ መግባት ክልክል መሆኑን ግን ማንም ሳይነግረው ሁሉም አውቋል። ይህን ሁሉ አንተ አስቀድመህ ነግረኸኝ ነበር። የኋላውን በር፣ የኋላውን ወንበር፣ ነጭ ሲመጣ ከመንገድ መውረዱን። ስለ አሜሪካ ስትነግረኝ ሩቅ ሀገር ይመስለኝ ነበር። ሀገርህ ተከትላህ መጣች፤ አንተ ግን አልቆየሃትም።

የደገኞቹ ትልቅ ሰው ባላምባራስ ገሠሠ ደኅና ናቸው። አንተ መጀመሪያ ከሱዳን ተሻግረህ እዚህ በመጣህ ጊዜ በገበያ መሐል ያሉህን አልረሳሁትም፦ «እንግዲህ ከነጭ ሀገር የመጣህ ባርያ ነህ ወይስ ከባርያ የተወለድህ ነጭ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተም በዚያ በተሰባበረ አማርኛህ «እኔ አናጢ ነኝ። በርህን ልሥራልህ ወይስ ክፍቱን ታድራለህ?» አልሃቸው። ገበያው ሁለተኛ ጊዜ ሳቀ፤ በሩንም ሠራህላቸው። ከዚያ በኋላ «እኛ ጥቁሮች» ባልህ ቁጥር «ማን ከማን ጋር?» ይሉህ ነበር። እሳቸው ቀይ ናቸው፤ ልጃቸው ጠይም ነው፤ ጥቁር ማለት በእሳቸው ዘንድ እኔና አንተ ብቻ ነን።

ጣልያን በገባ በመጀመሪያው ዓመት ባላምባራስ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው እንደ ልማዳቸው በፊተኛው በር ሊገቡ ሄዱ። የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወታደር ትከሻቸውን ይዞ አዞራቸው፤ በጋጣው በኩል እየገፋ ወስዶ ከተሸካሚዎችና ከውሃ ቀጂዎች ኋላ አቆማቸው። በማግሥቱ ወደ ቤቴ መጡ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አሉኝ። «እትዬ ሣራ፣ የባለቤትዎ ወገኖች ይህንን እንዴት አድርገው ነው የቻሉት?» ብለው ጠየቁኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ይሆናል። ትንሽ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያው አፈርሁ።

ያንተን ነገርኋቸው። እናትህ ከባርነት ወጥታ የሰው ልብስ እያጠበች እንዳሳደገችህ፤ ከአጣቢዎቹ መሐል ማንበብ የምትችለው አንዲት ሴት ብቻ እንደ ነበረችና እሷ ጋዜጣ ስታነብላቸው የእሷን ድርሻ ሌሎቹ ያጥቡላት እንደ ነበር። ነጮቹ ሽማግሌውን አባትህን በሳምንት ስድስት ቀን «አንተ ልጅ» ይሏቸው እንደ ነበር፤ በሰባተኛው ቀን ግን አባትህ የቀብር ማኅበሩ ሊቀ መንበር እንደ ነበሩና እሳቸው ሳይፈቅዱ ማንም አፉን ይከፍት እንዳልነበር። የማኅበሩ ሰው ሁሉ በደረቱ የሚያደርገውን ጨርቅም ነገርኋቸው፤ አንድ ፊቱ ሰማያዊ፣ ሌላው ጥቁር፤ ለስብሰባ በሰማያዊው፣ ለቀብር በጥቁሩ። «ነጩ በሥራ ቦታ የፈለገውን ይበል፤ ማን እንደሆንን የምናውቅበት የራሳችን ቤት ነበረን» ትል ነበር። ባላምባራስ ይህን ሰሙ። ከዚያ «እኛማ ያ ቤት እያለን ሳቅንበት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አንተ እናትህ በቤተ ክርስቲያን የሀገራችንን ስም ሰምታ፣ ጥቁር ሰው ለማንም የማይሰግድባት ሀገር አለች ብላ ነግራህ ነው የመጣኸው። መተማ ገብተህ መጀመሪያ ያየኸው እጇን ታስራ የምትነዳ ሴት ነው። ያን ቀን ተመልሰህ ብትሄድ ማንም አይፈርድብህም ነበር። እኔም በዚሁ ገበያ፣ ዛሬ መኪናዎቹ በሚቆሙበት ስፍራ፣ በልጅነቴ ተሽጫለሁ። በባሕር ላይ የባርያ ነጋዴዎቹ ጀልባ ተይዞ ነፃ ወጥቼ፣ በጠረፍ ከተማ መምህራን አሳድገውኝ፣ ፊደል ይዤ ተመለስሁ። ለምን እንደ ተመለስሁ ስትጠይቀኝ «የማውቀው መንገድ ይሄ ብቻ ነው» አልሁህ። ሳቅህ። ያንለት ነው ልታገባኝ የቆረጥኸው፣ እንደ ነገርኸኝ።

ማኅበሩን እዚህ ስታቆም ሕጉ አንድ ነበር፤ የሞተውን የሚሸከመው የሌላው ወገን ነው። ደገኛ ሲሞት እስላሞቹ ተክሩሮችና እኛ ከባርነት የወጣነው እንሸከማለን። ከእኛ ሰው ሲሞት ደገኞች ይሸከማሉ። ተክሩር ሲሞትም እንዲሁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም እስከ እስላም መቃብሩ ደጅ ድረስ፤ ከዚያ ወዲያ የካህኑና የሼኩ ነው። ከዋንዛ እንጨት አንድ ቃሬዛ ሠራህ፤ ጌታም ሎሌም በዚያው።

የመጀመሪያውን ቀብር መቼም አልረሳውም። የሞተችው የባላምባራስ ባርያ የነበረችው አሮጊት ናት። ደገኞቹ ተሰብስበው ቆሙ፤ የሚነካ ጠፋ። አንተ አንደኛውን እጀታ ያዝህና ቆምህ። ሦስቱ እጀታ ባዶ ነው። አልለመንህም፤ አልተቆጣህም። ፀሐይዋ እስክትከር ድረስ እንዲያው ቆምህ። ዝንብ እያባረርሁ አጠገብህ ነበርሁ። ከኋላ አንዱ «አሜሪካው ሐውልት ሆነ» ብሎ ሲያሾፍ፣ ከአርማጭሆ በቅርብ መጥቶ የሰፈረው ገበሬ፣ አየለ፣ «ይኸ ሰውዬ ሊሞትብን ነው፤ ሁለት ሬሳ ከምሸከም አንዱን ልሸከም» ብሎ መጥቶ ሁለተኛውን ያዘ። ሰው ሳቀ። ሦስተኛውና አራተኛው ከሳቁ በኋላ መጡ። አየለ እንደዚያ ነው ወደ ማኅበሩ የገባው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ሳዘገይ እንደ ቆየሁ ታውቃለህ።

ጸሐፊ ስታደርገኝ መዝገቡን እንዴት እንደምይዝ አልነገርኸኝም፤ እኔው ነኝ ያበጀሁት። የአባሉ ስም፣ የተገኘበት ቀብር፣ የቀረበት ቀብር፣ የቀረበት ምክንያት። በስብሰባ ቀን ያለ ምክንያት የቀረውን ስሙን ጮክ ብዬ አነበው ነበር። ሰው ፈራኝ። አንተ «ሣራ፣ ምክንያቱን መጻፍ ይቅር፤ መቅረቱ ይበቃል» አልኸኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። እኔ ግን «ምክንያት የሌለው መዝገብ ግማሽ ነው፤ ግማሽ እውነት የጻፈ ሰው ውሸት ጽፏል» አልሁህ። መምህሬ በአለንጋ ያስተማረችኝ ነው። ጣልያን ከገባ በኋላም ምክንያቱን መጻፍ አልተውሁም። «ታሞ።» «ልጁ ታሞ።» «ገለባት ለንግድ ተሻግሮ።» «ከወንድሞቹ ጋር አርማጭሆ በረሃ።»

ሐጂ አደምን ማስተዋወቅ አያስፈልግህም፤ ሌላ ለሚያነበው ግን፣ የተክሩሮቹ ሽማግሌ ነው፤ አያቶቹ ከምዕራብ ሀገር ለሐጅ ወጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው። ከአንድ ወር በፊት እህቱ ሐዋ ሞተች። ሙቀቱ የክረምት ሙቀት ነው፤ ሬሳ አያቆይም። ያለ ፈቃድ ብዙ ሰው መሰብሰብ ክልክል ስለ ሆነ ፈቃድ ልጠይቅ በኋላኛው በር ሄድሁ። አስተርጓሚው ሀገርኛ ነው፤ አማርኛ አንባቢ ነው። «እትዬ፣ ፈቃድ ይሰጣል። የማኅበሩን ሰዎች ስም በየወገናቸው ለይተው ያምጡ። ከቀትር በፊት» አለኝ።

ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ። ስም ብቻ ነው የጠየቀኝ። ስም ብቻ መጻፍ እችል ነበር። ግልባጭ ማለት ግን ለእኔ ግልባጭ ነው፤ ከዓምዱ አንዱ ከጎደለ ግልባጭ አይባልም። ሁሉንም ገለበጥሁ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ቀለም ቢንጠባጠብብኝ ቀድጄ እንደገና ጻፍሁት፤ የሐዋ ሬሳ በቤቷ እየጠበቀኝ። አስተርጓሚው ወረቀቶቹን ተቀብሎ ጣቱን በምክንያቱ ዓምድ ላይ እያወረደ ሄደና አንድ ቦታ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ኢሳይያስ፣ በዚያች ቅጽበት ያሰብሁትን ልጻፍልህ፤ የእጅ ጽሕፈቴን ያደነቀ መሰለኝ።

ፈቃዱ ተሰጠ። ደገኞቹ ሐዋን ተሸከሙ። አየለም ለሰሊጥ አረም ተመልሶ ስለ ነበር ከተሸካሚዎቹ አንዱ እሱ ነው። ሥርዓት ያለው ቀብር ነበር። እንዲያው ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ተመለስሁ።

በስድስተኛው ቀን ጣልያኖቹ አራት ሰዎች ከማሳቸው ወሰዱ። አራቱም በመዝገቡ «አርማጭሆ በረሃ» የሚል የተጻፈባቸው ናቸው፤ አርበኞች ያሉበት በረሃ ነው። ሦስቱን በመኪና ወደ ጎንደር መንገድ ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው የለም። አየለን በገበያ ቀን ሰቀሉት። ሦስት ቀን እንዳይወርድ ከለከሉ። እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የኔ እኩያ ናት፤ ሦስቱን ቀን ዝናብ እየመታት ከሥሩ ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ተፈቀደ። እንደ ሕጉ አየለን የምንሸከመው ተክሩሮቹና እኛ ነን። ሐጂ አደም ቀድሞ መጥቶ እጀታውን ያዘ። የአየለ አጎት ልጅ እጁን መትቶ አስለቀቀው። «አንሣ እጅህን! ለእህትህ ቀብር ፈቃድ ብላችሁ ሄዳችሁ ሸጣችሁን። ከጣልያን ዱቄት የሚቀበል ማን ነው? መስጊድ የሚሠራለት ማን ነው?» አለው። ሐጂ አደም «ወላሂ፣ ከእኔ አፍ አልወጣም» ብቻ አለ። ሌላም ተናገረው፤ «አንተ ባርያ» የሚለውም አልቀረለትም። የእኛ ሰዎችም ፈርተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ቃሬዛው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ተነሣ። እኔ መዝገቡን በብብቴ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ምንም አልተናገርሁም።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ቀን ሆነ፤ ሃያውንም ዝም ብያለሁ። ፈርተሽ ነው ትለኝ ይሆናል። ሞትን አይደለም የፈራሁት፤ በዚህ ዕድሜ ምን ይቀረኛል። የፈራሁት «ለባርያ ብዕር የሰጠ ማን ነው?» እንዳይባል ነው። ማንበብ የምናስተምራቸው የእኛ ልጆች ሁሉ በእኔ ምክንያት የሰላይ ልጅ እንዳይባሉ ነው። በሀገርህ አንድ ጥቁር ሰው ሲሳሳት ስሕተቱ የሁሉም እንደሚሆን፣ ነጭ ሲሳሳት ግን የራሱ ብቻ እንደሆነ ነግረኸኛል። ወገኔን የጠበቅሁ መሰለኝ። የጠበቅሁት ግን የሌላውን ወገን ሰው በፊቴ አቁሜ ነው። ለሐጂ አደም የተወረወረው ስድብ የኔ ነበር።

ትናንት ባላምባራስ መጡ። ነገ በዲማው ዛፍ ሥር ስብሰባ አለ፤ ማኅበሩ በሦስት ይከፈላል፤ ሦስት ቃሬዛ፣ ሦስት ሹም። ሹሙ የፈለገው ይኸው ነው፤ በካባ አልሆን ቢለው በእኔ መዝገብ ሊሆንለት ነው። ባላምባራስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከተለያየን በኋላ ደግሞ የሐጂ አደም ነገር የደም ነው፤ የአየለ ዘመዶች ምለዋል። እኔ ልከለክል አልችልም፤ ማስረጃ የለኝም» አሉ። ማስረጃው በሳጥኔ ውስጥ እንዳለ አልነገርኋቸውም። እንግዳ ሸኝቼ በሩን ዘጋሁና ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ እራትም አልበላሁ።

በመጨረሻ የወሰንሁት በድፍረት እንዳይመስልህ። ሒሳቡ ቀላል ስለ ሆነ ነው። ዝም ካልሁ አንድ ንጹሕ ሰው ይሞታል፤ ማኅበሩም ይሞታል። ከተናገርሁ ምናልባት እኔ እሞታለሁ፤ ማኅበሩ ግን ሊተርፍ ይችላል። ሊተርፍ ይችላል ነው ያልሁት፤ ይተርፋል አላልሁም። የማላውቀውን አልጽፍም። የምክንያቱን ዓምድ ዛሬ ጧት ከመዝገቡ በመቀስ ቆርጬ በምድጃ አቃጥዬዋለሁ። አንተ ስትለምነኝ ያላደረግሁትን አራት ሰው ከተወሰደ በኋላ አደረግሁት።

እንዳስታውስህ ቃል ልግባ ብል፣ ስሞች ከእኔ ማምለጥ ጀምረዋል፤ በቀደም የመምህሬ ስም ጠፍቶብኝ ከቀትር እስከ ማታ ፈለግሁት። ስለዚህ ቃሌ ይኸ ነው። አንተን በማስታውስበት ጊዜ ሁሉ አሳምሬ አላስታውስህም። ግትር ነበርህ፤ ስታንኮራፋ ቤቱን ታናውጠው ነበር፤ መጽሐፍ ሳትመልስ ትበደር ነበር፤ በፀሐይ ውስጥ ሦስቱ ባዶ ሳሉ አንዱን እጀታ ይዘህ መቆም ደግሞ ታውቅ ነበር። እንዳለህ አስታውስሃለሁ። አየለንም እንዲሁ፤ ከነቀልዱ።

ነገ በመጀመሪያ ስነሣ ፊቴን እታጠባለሁ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ እለብሳለሁ። ከስብሰባው በፊት፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ፣ ወደ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቤት እሄዳለሁ። ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ባላምባራስን አስታራቂ አድርጌ አልወስድም። ገብቼ ቆሜ እናገራለሁ። «ልጅሽን ያስያዘው ሐጂ አደም አይደለም፤ የኔ ጽሕፈት ነው» እላለሁ፤ ሌላ ቃል አልጨምርበትም፤ ሬሳ ቆሞ ነበር፣ ቀትር ደርሶ ነበር፣ አላወቅሁም ነበር አልልም። ተቀመጪ እስክትለኝ አልቀመጥም። ውጪ ካለችኝ ወደ ዲማው ሄጄ ያንኑ ቃል በሁሉም ፊት እደግመዋለሁ። ሌላ ነገር ካደረገች ደግሞ፣ ያ የእሷ ነው፤ እኔ የምጽፈው አይደለም።

ባለቤትህ
ሣራ
መተማ